የክራር፣ የማሲንቆና የበገና ጨዋታን ቀርጾ ማጋራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማይኩ ውድ ከሆነ የትም ቢቀረጽ ያምራል»

ውድ ማይክ መጥፎ ክፍልን ይበልጥ አጥርቶ ያሰማል እንጂ አይደብቀውም። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ውስጥ እያንዳንዱ የክራር ምት ተመልሶ እየመጣ በሚቀጥለው ላይ ይደረባል፤ በኋላ ሁለቱን በንጽሕና መለያየት አይቻልም። ወፍራም ምንጣፍ፣ መጋረጃና ፍራሽ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ አዳራሽ ይሻላል። ተጫዋቹ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ትክክለኛው መሀል ላይም አይቀመጥ፣ ወፍራሙ ድምፅ እዚያ ወይ ያብጣል ወይ ይጠፋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ቆም ብሎ መጠበቅ ነው። ፍሪጅም ይነቀል። መልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ የቤት ወይም የመኪና ቁልፍን ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ የቀራጮች የቆየ ዘዴ ነው፤ ያለ ቁልፍ የሚሄድ የለም።

«ማይኩ በቀረበ ቁጥር ድምፁ ይጠራል»

ክራር ከቆዳውም፣ ከክሩም፣ ከእንጨቱም ይሰማል። ማይክ 10 ሴ.ሜ ላይ ሲደቀን የሚቀዳው በአብዛኛው የጣት ጭረትና ያበጠ ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች ወደ ምንጩ ሲጠጉ ወፍራሙን ያለ ልክ ያጎላሉና። ለመነሻ፣ ለክራር ከ30 እስከ 40 ሴ.ሜ በሰያፍ ወደ ቆዳው፤ ለማሲንቆ ከ50 እስከ 70 ሴ.ሜ፣ ደጋኑ ጭራውን ከሚፈትግበት ቦታ ዞር ብሎ ወደ ቆዳው። የዋሽንት ትንፋሽ ማይኩን በቀጥታ ከመታው የንፋስ ጩኸት ይፈጥራል፣ ስለዚህ ከጎን ወይም ከላይ 50 ሴ.ሜ ያህል። ከዚያ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ማራቅና ማቅረብ ነው።

«ለድምፁም ለክራሩም የየራሳቸው ማይክ ያስፈልጋል»

ክራር እየመታ የሚዘፍን ሰው አፉና መሣሪያው የሚራራቁት ግማሽ ሜትር ባልሞላ ርቀት ነው። ሁለት ማይክ ሲተከል እያንዳንዱ የሁለቱንም ድምፅ ይሰማል፣ ግን እኩል አይደርሰውም፤ ድምፅ 34 ሴ.ሜ ለመሄድ አንድ ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ ትራኮች ሲደባለቁ የተወሰኑ የድምፅ ክፍሎች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ዘፈኑም ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት ማይኩ ከምንጩ ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ይሁን የሚለው ሕግ እዚህ በቂ ቦታ አያገኝም። አንድ ጥሩ ማይክ ደረት ትይዩ፣ 60 ሴ.ሜ ላይ ይበቃል። ድምፃዊው ከተሸፈነ ማይኩን ከፍ፣ ክራሩ ከተሸፈነ ዝቅ ማድረግ ነው።

«የበገናው ዝዝታ ብልሽት ነው፤ በሶፍትዌር ይጽዳ»

ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው። የበገና ዝዝታ ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ አውታሩ ሲርገበገብ ጠርዟን እየነካ ይዘዛል። ደርዳሪው እንዚራዋን በጥቂቱ ወደላይና ወደታች እያንቀሳቀሰ ነው ዝዝታውን የሚያስተካክለው። ድምፅ ማጽጃ ፕሮግራሞች ግን ሳይቋረጥ የሚዝ ነገር ሁሉ የኤሌክትሪክ ጩኸት ይመስላቸዋል። የስልክ ጥሪ፣ የስብሰባ መተግበሪያዎችና የቀጥታ ስርጭት ማጽጃም እንዲሁ፤ የበገናን ረጅም ድምፅ መሀል ላይ ይቆርጡታል። ዙም ላይ «ኦሪጂናል ሳውንድ» የሚለው አማራጭ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው፤ ከመጀመሪያው መከፈት አለበት።

ሌላም ምክንያት አለ። የስልክ ስፒከር የበገናን ወፍራም መሠረታዊ ድምፅ ማውጣት ስለማይችል አድማጩ ዜማውን የሚይዘው ከዝዝታው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ድምፆች ነው። ዝዝታው ከተጸዳ በስልክ የሚሰማው ደብዛዛ ኳኳታ ብቻ ይሆናል። ቤዝ በመጨመር ለማካካስ መሞከርም ያንን ትንሽ ስፒከር ያንጫርረዋል። ጸጥታው ውስጥ ሹክሹክታ የሚመስል ሹሹታ ካለ፣ ማይኩን ወደ በገናው 10 ሴ.ሜ ማስጠጋት ከማንኛውም ማጽጃ ይበልጣል።

«ከሚክሰሩ በገመድ የተቀዳ ከሁሉ ይጠራል»

ይጠራል፣ ግን ጎዶሎ ነው። ጠባብ አዝማሪ ቤት ውስጥ ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ላይ ያለው ማጉላት ያስፈለገው ድምፅ ብቻ ነው፤ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ ግጥም የሚቀብለው ታዳሚና እልልታው ብዙ ጊዜ እዚያ የሉም። ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ለስልክ ማይክ መግቢያ ከሚገባው በላይ ኃይለኛ በመሆኑም ይሰነጠቃል፤ ላይን መግቢያ (ለእንዲህ ያለ ኃይለኛ ድምፅ የተሠራ ቀዳዳ) ያለው መቅረጫ ወይም መቀነሻ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። የሚሻለው የሚክሰሩን በአንድ ትራክ፣ የክፍሉን ማይክ በሌላ ትራክ መቅዳት ነው። የክፍሉ ማይክ ከስፒከሩ 7 ሜትር ከራቀ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ ሲቀናበር የክፍሉን ትራክ ያንን ያህል ቀድሞ እንዲጀምር መሳብ ነው።

«ጮክ ብሎ ካልተቀዳ አይሰማም»

በ24 ቢት ሲቀረጽ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (መቅረጫው ሳይሰነጥቅ ከሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ምንም አይጎድልም። ተጫዋቹ ሰው ፊት ሲሞቀው ከሙከራው የበለጠ ይጮኻል፤ እልልታ ደግሞ ከማሲንቆውም ይበልጣል። የተሰነጠቀ ድምፅ ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ግን ከፍ ይላል። ዩቲዩብ በሉፍስ (በአማካይ የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ከ-14 በላይ የጮኸውን ራሱ ይቀንሰዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን አያነሣም። ስለዚህ በኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ በሚያቀራርብ ማስተካከያ) የተጨፈለቀ ቀረጻ ድምቀት አያተርፍም፤ የሚያጣው የክራሩን ልስላሴና ጉልበት ነው።

«በስልክ ጥሩ ቀረጻ አይገኝም»

ይገኛል። ያልተጨመቀ የዋቭ ፋይል በ48 ኪሎኸርትዝ የሚቀዳ መተግበሪያ ይመረጥ፣ ድምፅን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማስተካከያ ይጥፋ፣ ስልኩ በኤሮፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። በእጅ ከተያዘ የጣት ኮሽታ ይገባል።

«ቴሌግራም ጥራት ያበላሻል»

የሚያበላሸው አላላኩ ነው። የድምፅ መልእክት ለንግግር የተጨመቀ ነው፣ ከጋለሪ የተላከ ቪዲዮም ይጨመቃል፤ «ፋይል» ተብሎ የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል፣ እስከ 2 ጊጋባይት። ባለ 24 ቢት ስቴሪዮ ዋቭ በደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ሲቀየር አንዳች ሳይጎድልበት ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ መቀየር ግን ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር ምንም አይመልስም።

«የሕዝብ ዜማ ነው፣ ፈቃድ አያሻም»

ትዝታ ወይም አምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ የዚያን ቀን የተጫወተው ሰው አጨዋወት ግን የእርሱ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ (ተጫዋቹ) አጨዋወቱ እንዲቀረጽና ለሕዝብ እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ይሰጠዋል፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። ከጨዋታው በፊት ተጫዋቹ ስሙን፣ ቀኑን፣ የት የት እንደሚለቀቅና ገቢ ከመጣ እንዴት እንደሚካፈሉ ካሜራ ፊት ይናገር፤ ጽሑፍ ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው። ያው ዜማ በስቱዲዮ ተቀርጾ ወጥቶ ከሆነ የዩቲዩብ አውቶማቲክ ሥርዓት የባለቤትነት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፤ ያልተቆራረጠው ዋቭና ያ የፈቃድ ቪዲዮ ለክርክሩ ስለሚያስፈልጉ ከስልኩ ውጭ ሌላ ቦታም ይቀመጡ።