በጅማ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች የናፍታ ሞተር ዘይት አያያዝ

በጅማ ዞን ጎማ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ማናና ጌራን በመሳሰሉ ወረዳዎች መፈልፈያና የውሃ ፓምፕ በናፍታ ሞተር የሚያሽከረክሩ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉ። ሞተሩ ሥራ የሚበዛበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ ይከርማል። የዘይቱ አያያዝ ጣጣም ከዚሁ ይጀምራል። የሙያው ቃላት (ፊልትሮ ማለትም የዘይት ማጣሪያ፣ ኩሽኔታ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ፣ ኮፓ ማለትም ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ለአብዛኞቹ ሞተሮች የውፍረት ደረጃው 15W-40 የሆነ ዘይት ይስማማል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሞተሩ መመሪያ ነው። የተለመደው መቀየሪያ 250 ሰዓት ሲሆን፣ በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሞተር አንድ ወር ያህል መሆኑ ነው። ዘይቱ ሞተሩ እንደሞቀ ይቀዳል፤ ከቀዘቀዘ ዝቃጩ ኮፓ ውስጥ ይቀራል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። በትላልቅ መርከቦች ዘይቱን ወደ 90 ዲግሪ አሙቆ ውሃና ቆሻሻውን በሽክርክሪት የሚለይ መሣሪያ ስላለ ያው ዘይት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። ጣቢያ ላይ ግን መላው መቀየር ብቻ ነው።

የዘይቱ ልክ የሚታየው ሞተሩ ከጠፋ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ መሬቱም ደልዳላ ሲሆን ነው። ማጉደሉን ሁሉም ይፈራል፤ የጅማ ልምድ ያለው መካኒክ ይበልጥ የሚደነግጠው ግን ማንም ሳይጨምርበት ከፍ ያለ ዘይት ሲያይ ነው። ናፍታ ወይም ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ናፍታ ከሆነ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ይሸታልም፤ መነሻው ብዙውን ጊዜ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ናፍታ የሚረጨው ክፍል) ነው። ውሃ ከሆነ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ወይም ከማጠቢያው የሚረጭ ውሃ ይጠረጠራል። ለማረጋገጥ ከ100 ዲግሪ በላይ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ አንድ ጠብታ ማሳረፍ ይበቃል፦ ከተንጣጣ ውሃ አለው። መነጽር ሳያደርጉ አይሞከርም።

አወዛጋቢው ነገር ዘይቱ በወቅቱ መጨረሻ ይቀየር ወይስ መጀመሪያ የሚለው ነው። ብዙ ባለቤቶች ወጪውን ለመስከረም ያቆዩታል። ይህ ስህተት ነው። ያረጀ ዘይት የያዘው አሲድና እርጥበት በጅማ ክረምት ለወራት ኩሽኔታውን ሲበላ ይከርማል። በመጨረሻው ፍልፈላ ማግስት አዲስ ዘይት ተሞልቶ፣ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ፣ የጭስ ማውጫው አፍ ይከደናል። በክረምት በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ ማስነሳት ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ሳይሞቅ የጠፋ ሞተር ግን ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል። የሚነሳ ከሆነ በጭነት እስኪሞቅ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ወቅቱ ሲደርስም ናፍታው ተዘግቶ ጥቂት ዙር በባዶ ይዞራል፤ ዘይቱ ኩሽኔታው ዘንድ ሳይደርስ ሞተሩ እንዳይነሳ።

የተቃጠለውን ዘይት ለምስጥ መከላከያ አጥር እንጨት ላይ የሚቀቡት አሉ፤ ከዝናብ ጋር ወደ አፈሩ ስለሚወርድ ብዙም አይመከርም። ጣቢያዎች ወራጅ ውሃ አጠገብ ስለሚሠሩ የሚቀዳው ዘይት ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀማል፤ በርሜሉም ከእሸቱ መረከቢያና ከማድረቂያ አልጋው ይርቃል።