አዲቲቭ ማኑፋክቸሪንግ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የደረሰው ምድር ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ የብረት ሙያም ከባቡሩ ጋር ገባ። ቶርኖ ሲሠራ ቆሞ ያየ ያውቀዋል፦ ብረቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ይልጠዋል፣ የተጠቀለለው ፍቅፋቂ ገና ትኩስ እንደሆነ ወለሉ ላይ ይከመራል። ዕቃው የሚወጣው የማይፈለገው ሁሉ ተቀንሶ ነው።

አሁን ደግሞ ሐረር ጀጎል ውስጥ ስፌት ከያዘች ሴት አጠገብ ቁጭ በሉ። የምትጀምረው ከእንብርቱ ነው። የሣሩን ጥቅል ታዞራለች፣ በወስፌ የታችኛውን ዙር ትበሳለች፣ በአለላው ጠምጥማ ታጠብቃለች፤ ከዚያ ሌላ ዙር። አዲቲቭ ማኑፋክቸሪንግ፣ ብዙዎቻችን ስሪዲ ፕሪንቲንግ የምንለው፣ በሐሳቡ ይሄው ስፌት ነው። «ሕትመት» መባሉን አልወደውም፤ ወረቀት ያስመስለዋል። «እየደረቡ መሥራት» ይሻለዋል።

የአውሮፕላን ክፍል ሲሠራ ሣሩን የሚተካው የብረት ዱቄት ነው። ማሽኑ ከ0.1 ሚሊሜትር የሳሳ ንጣፍ ያነጥፋል፤ ሌዘሩ ንድፉ ባለበት ብቻ ያቀልጠዋል፤ መደቡ ዝቅ ይልና ሌላ ንጣፍ ይደረባል። ያልቀለጠው ዱቄት ተነፍቶ እንደገና ይሠራበታል። የአውሮፕላን ክፍል ከሚሠራባቸው ብረቶች አንዱ የሆነው ቲታኒየም ውድ ስለሆነ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ትልቁ ጥቅም ግን መጋጠሚያ መቅረቱ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያሉትን ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች የሚያበረው ሊፕ የተባለው ሞተር ነው። የነዳጅ መርጫው ጫፍ ድሮ ከ20 ያህል ቁርጥራጮች ተበይዶ የሚሠራ ዓይነት ነበር፤ ዛሬ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል። ክብደቱ በ25 በመቶ ቀንሷል፣ ጥንካሬው አምስት እጥፍ እንደሆነ አምራቹ ይናገራል። ውስጡ ያሉትን ጠመዝማዛ መተላለፊያዎች በስለት መቦርቦር አይቻልም።

ችግሩም ከውስጥ ነው። ስፌት ላይ የላላ ዙር በዓይን ይታያል፤ ብረት ውስጥ የቀረች የአየር ቀዳዳ ግን አትታይም፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከእሷ ነው። ስለዚህ ወሳኝ ክፍሎች በከፍተኛ ሙቀትና የጋዝ ግፊት ይታመቃሉ፣ እንደ ሕመምተኛም ሲቲ ስካን ይነሣሉ።

ቶርኖ የሚማሩ ልጆች «ሙያችን ሊቀር ነው ወይ?» ሲሉ እሰማለሁ። ከማሽኑ የወጣው ዕቃ ላዩ ሻካራ ነው። ከሌላው ጋር የሚገጥምበት ፊት፣ ጥርሱና ቀዳዳው ልኩን የሚያገኘው አሁንም በቶርኖና በኮምፒውተር በሚታዘዘው መቁረጫ፣ በሲኤንሲ ማሽን ነው።