ኤልያስ ስሜ፦ ሠዓሊው፣ ሥራዎቹና ዞማ

ኤልያስ ስሜ የተለያዩ ቁሶችን እያጣመረ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የጥበብ ሰው ነው። በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ ዛሬም የሚኖረውና የሚሠራው እዚያው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሱ በውጭ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። በአማርኛ ግን አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም።

ልጅ እያለ የወዳደቀ ዕቃ ይለቅም ነበር። የተሰበረ ይጠግናል፤ በመርፌ ይሰፋል። ቤት ውስጥ ጥልፍ የሴት ልጅ ሥራ ተደርጎ ነው የሚታየው። እሱ ግን መርፌውን አልተወውም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ገብቶ በ1990 ተመረቀ። ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከሠዓሊ የሚፈለገው አብዮታዊ ፖስተር ነበር። ኤልያስ ከዚያ በኋላ የያዘው መንገድ ከፖስተር በጣም የራቀ ነው፦ ክር፣ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ፕላስቲክ፣ ቆዳ፣ ቀንድ፣ ጭቃና ጭድ።

ዕቃውን የሚያገኘው ከመርካቶ ነው፤ በተለይ ከምናለሽ ተራ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚለቅመው፣ ሌላው ሰው አበቃለት ብሎ የሸጠው ነገር እዚያ እንደገና ዋጋ ያገኛል። የከተማችንን ልጅ ይህ አይደንቀው ይሆናል። የውጭ ጸሐፊዎች ግን ደጋግመው ያነሱታል።

በጣም የታወቀው ሥራው «ታይትሮፕ» የተባለው ተከታታይ ነው። ስሙ አክሮባት የሚሠራ ሰው የሚራመድበትን የተወጠረ ገመድ ያስታውሳል። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ፣ የኪቦርድ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረደራሉ። ሽቦው እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ በትናንሽ ምስማር ይያያዛል። ገበታዎቹ ተገጣጥመው ግድግዳ ይሞላሉ። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ እያንዳንዱ ቀለም የሽቦ ሽፋን ሆኖ ይገኛል፤ በብሩሽ የተቀባ አይደለም። በአማርኛ ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ያኔ የሚሰፋው የልብስ ቁልፍ ነበር፤ አሁን የሚደረድረው የኪቦርድ ቁልፍ ነው። ቃሉም እጁም አልተቀየሩም።

አንዳንዶች ይህን ሥራ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚቃወም ጥበብ ይሉታል። «ሪሳይክል» የሚሉትም አሉ። ሁለቱም ያንሱበታል ማለት ይቻላል። ቴክኖሎጂ ሰውን እያቀራረበም እያራራቀም መሄዱን፣ በዚህ መሃል ሚዛን መጠበቅ ከባድ መሆኑን የሚያሳይ ነው ብሎ ማየቱ ከርዕሱ ጋር ይስማማል። የጠርሙስ ክዳን እያገጣጠመ ከሚሠራው ጋናዊ ቀራፂ ከኤል አናትሱይ ጋር የሚያወዳድሩትም ጥቂት አይደሉም። ንጽጽሩ ክፋት የለውም። ነገር ግን የኤልያስ ሥራ መነሻው እዚሁ አገር ነው፦ ሰፌድ፣ ጥለት፣ ጥልፍ፣ የጭቃ ቤት። ከሸራና ከቀለም ውጭ መሥራትም ለኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ እንግዳ አይደለም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) ከእሱ በፊት በዛፍ ልጥ ሠርቷል።

ከተጽዕኖዎቹ ሁሉ ትልቁ ግን ከአንትሮፖሎጂስቷና ኩሬተሯ (የዐውደ ርዕይ አዘጋጇ) መስከረም አሰግድ ጋር ያለው የሥራ ጓደኝነት ነው። ሁለቱ አብረው የገጠር መንደሮችን ዞረዋል። ጥንታዊ ሥርዓቶችንና የቤት አሠራርን ከአዋቂዎች ተምረዋል። በ2002 የዞማ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከልን አቋቋሙ። በ2009 መስከረም ከአሜሪካዊው የቲያትርና የኦፔራ ዳይሬክተር ፒተር ሴላርስ ጋር ሆና የኤልያስን ትልቅ ዐውደ ርዕይ በአሜሪካ፣ ሳንታ ሞኒካ አዘጋጀች። በዚያው ዓመት ሴላርስ ሎስ አንጀለስ ላይ ላዘጋጀው «ኦዲፐስ ሬክስ» ለተባለው የሙዚቃ ድራማ ዙፋኖቹን የሠራው ኤልያስ ነው።

ከ2019 ጀምሮ ዝናው ሰፋ። በኒውዮርክ ግዛት ዌሊን ሙዚየም የተከፈተው ዐውደ ርዕይ የአሜሪካ ከተሞች የሆኑት አክረንና ካንሳስ ሲቲ፣ ከዚያም የካናዳዋ ቶሮንቶ ደረሰ። በ2020 ጉገንሃይም ሙዚየም ለዘመናዊ ጥበብ ለሚሰጠው የሁጎ ቦስ ሽልማት ከታጩት ስድስት አርቲስቶች አንዱ ሆነ። በ2022 በጣሊያን በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርዒት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ዋናው ዐውደ ርዕይ ላይ ቀረበ።

ዞማ ሙዚየም በ2019 መካኒሳ አካባቢ ተከፈተ። ግድግዳው ጭድ ተቀላቅሎበት የተረገጠ ጭቃ ነው፤ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ያው ጭቃ። ልዩነቱ ጭቃው በእጅ ተቀርጾ ማዕበል፣ ጥምዝምዝና ክብ ቅርጽ መያዙ ነው። «የጭቃ ቤት የድሃ ነው» ለሚል ሰው በቂ መልስ እዚያ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ጋለሪ፣ የጓሮ አትክልት፣ ከብቶችና የሕፃናት ትምህርት ቤት አሉ። ኤልያስና መስከረም ግቢውን አብረው ነድፈውታል። ስለዚህ ዞማን የኤልያስ ብቻ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።

ስሙን ሲሰማ ብዙ ሰው ዞማ ጸጉር ይታወሰዋል። የተሰየመው ግን በ1979 በካንሰር በወጣትነት ላረፈ ዞማ ሽፈራው ለተባለ ሠዓሊ መታሰቢያ ነው።