የሀዋሳ አነስተኛ አቅራቢዎች እና የመንግሥት ግዥ ዋጋ

በሀዋሳ ከተማ በጥቃቅንና አነስተኛ ደረጃ የተደራጁ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የልብስ ስፌት፣ የግንባታና የምግብ ዝግጅት ኢንተርፕራይዞች ምርታቸውን ከሚያቀርቡባቸው ገበያዎች አንዱ መንግሥት ነው። ይህ ዳሰሳ መንግሥት ከእነዚህ አቅራቢዎች ሲገዛ ዋጋው እንዴት እንደሚወሰን፣ በየትኛው ሕግ እንደሚመራ እና አምራቹን ሳይጎዳ የሚቆየው መቼ እንደሆነ ይመለከታል። ተገቢ ዋጋ ሲባል በውል ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀንም የዋጋው አካል ነው። ክፍያው ወራት የዘገየበት አምራች በዚያው ገንዘብ መልሶ የሚገዛው ጥሬ ዕቃ ከቀድሞው ያንሳል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ልማት ስትራቴጂ በኢንዱስትሪ ዘርፍ እስከ 5 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ ከ100,000 ብር የማይበልጠውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ሀብቱ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር የሚደርሰውን ደግሞ አነስተኛ ይለዋል። በአገልግሎት ዘርፍ ጣሪያው 50,000 እና 500,000 ብር ነበር። ቁጥሮቹ ሲወጡ የነበረው የብር አቅም ከዛሬው በእጅጉ የተለየ መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል።

ሁለት ሕግ በአንድ ከተማ

ሀዋሳ ውስጥ የፌዴራልና የክልል የግዥ ሕጎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ በፌዴራሉ ሕግ ይገዛል፤ የክልል ቢሮዎች፣ የከተማ አስተዳደሩና ክፍለ ከተሞቹ ደግሞ በክልሉ ሕግ ይገዛሉ። ከታቦር ክፍለ ከተማ ሼድ የወጣ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር በአንድ ወር ውስጥ ለሁለቱም ሊወዳደር ስለሚችል የሰነዶቹን ልዩነት ማወቅ ይጠበቅበታል።

በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 430/1997ን አዋጅ ቁጥር 649/2001 ተክቶታል፤ እርሱም በተራው በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። ለአነስተኛ አቅራቢዎች መሠረት የጣለው አዋጅ 649 ነው። ይህ አዋጅና በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማስፈጸሚያ መመሪያ ኢንተርፕራይዞች ከሌሎች የአገር ውስጥ ተጫራቾች ጋር ሲወዳደሩ የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት ሰጥቷቸዋል፤ የጨረታ ሰነድ ያለ ክፍያ እንዲወስዱም ፈቅዷል። ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው ግን በጨረታ ማስከበሪያ፣ በውል ማስከበሪያና በቅድመ ክፍያ ዋስትና ፈንታ ያደራጃቸው አካል የሚጽፍላቸውን የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ መቻላቸው ነው። የ200,000 ብር ውል 10 በመቶ የውል ማስከበሪያ ሲጠየቅበት 20,000 ብር በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ባንክ ውስጥ ይታሰራል፤ ለአንድ የብየዳ ማኅበር ይህ ገንዘብ የአንድ ሳምንት የብረት መግዣ ሊሆን ይችላል።

የ3 በመቶው አሠራር በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ 200,000 ብር፣ አንድ ኢንተርፕራይዝ 204,000 ብር ቢያቀርቡ የኢንተርፕራይዙ ዋጋ ለውድድር ብቻ 3 በመቶ ተቀንሶለት 197,880 ብር ሆኖ ይነጻጸራል፤ ያሸንፋል፤ የሚከፈለው ግን ያቀረበው 204,000 ብር ነው። የኢንተርፕራይዙ ዋጋ 210,000 ብር ከደረሰ ግን ልዩ አስተያየቱ አያድነውም። ብረቱን በጅምላ የሚያስመጣው ተወዳዳሪና ከመርካቶ በሦስተኛ እጅ የሚገዛው አምራች በጥሬ ዕቃ ዋጋ የሚራራቁት ብዙውን ጊዜ ከ3 በመቶ በላይ ስለሆነ፣ ድንጋጌው መልካም ቢሆንም ብቻውን በቂ አልነበረም።

የኮብልስቶን ዘመን

በከተማዋ የአነስተኛ አቅራቢዎች ታሪክ ውስጥ የተሻለ ማስረጃ ያለውና ሊኮራበት የሚገባው ዘመን የኮብልስቶን ሥራ የተስፋፋበት ነው። አሠራሩ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች ከገባ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. የጀመረውና በዓለም ባንክ የተደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮጀክት፣ በኋላም በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞችን ያቀፈው ተከታይ ፕሮግራም ሥራውን በገንዘብ ደግፈውታል። ሀዋሳ በዚህ ሥራ ወጣቶቿን አሰልጥና የሰፈር ውስጥ መንገዶቿን አንጥፋለች፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጨቀዩ የነበሩ መንገዶች ዛሬ ባጃጅ የሚመላለስባቸው ሆነዋል።

ሥራው ለማኅበራት ተከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። አንዱ ማኅበር ድንጋዩን ከካባ ያወጣል፤ ሌላው በመዶሻና በመሮ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጎን እንዲኖረው አድርጎ ይጠርባል፤ ሦስተኛው አሸዋ ደልድሎ ያነጥፋል። ጠራቢ በጠረበው ድንጋይ ብዛት፣ አንጣፊ ደግሞ በካሬ ሜትር ልክ ይከፈላቸው ነበር። ዋናው ቁም ነገር ነጠላ ዋጋው አስቀድሞ ተጠንቶ መቀመጡ ነው። ማኅበራቱ ዋጋ በመስበር እርስ በርስ አይወዳደሩም፤ የሚለያዩት በጥራትና በፍጥነት ነው። ለመለካትም ቀላል ነበር፤ ሜትር ተዘርግቶ ርዝመትና ስፋት ተባዝቶ፣ ማኅበሩና የከተማው መሐንዲስ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። አቅራቢው የሚከፈለውን ገንዘብ ሥራውን ሳይጀምር ያውቀው ነበር። ይህን የመሰለ ግልጽነት በኋላ በመጡት የጨረታ አሠራሮች ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የተመን አሠራሩን የሚተቹ ወገኖች መንግሥት ከገበያው በላይ ከፍሏል፣ ማኅበራቱም የመንግሥት ጥገኛ ሆነዋል ይላሉ። ሁለተኛው ትችት እውነትነት አለው፤ የሥራው መጠን ሲቀንስ ሌላ ደንበኛ ያላፈሩ ማኅበራት ተበትነዋል። የመጀመሪያው ግን ሥልጠናውንና ለሥራ አጥ ወጣት የተገኘውን ገቢ ከሒሳብ ውጭ የሚያደርግ በመሆኑ ሚዛናዊ አይደለም። የማኅበራቱ ምልመላ ከፖለቲካ ነጻ እንዳልነበረም ይነገራል።

በዚያው ዘመን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ለብሎኬት፣ ለበርና ለመስኮት አምራቾች ተመሳሳይ ገበያ ፈጥሯል።

የአንድ ዴስክ ዋጋ

ከተመን ውጭ ያለው አቅርቦት በግልጽ ጨረታ ወይም በተለምዶ ፕሮፎርማ በሚባለው የዋጋ ማቅረቢያ ይከናወናል፤ በሁለቱም መሥፈርቱን ካሟሉት መካከል ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ለትምህርት ቤት ኮምባይንድ ዴስክ የሚሠራ ማኅበር የአንዱን ዋጋ ሲያወጣ ቱቦላሬውን፣ ቺፕውዱን ወይም ጣውላውን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ቀለሙን፣ የመብራቱንና የእጅ ዋጋውን፣ እስከ ትምህርት ቤቱ ግቢ የሚያደርሰውን የአይሱዙ ኪራይ ይደምራል። ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሁለት ናቸው፤ በመብራት መቋረጥ የሚባክነው የሥራ ቀን እና ክፍያ እስኪመጣ ድረስ የሚከፈለው የብድር ወለድ። እነዚህን ያልጨመረ ማኅበር ጨረታውን ያሸንፍና ይከስራል።

ግብርም አለ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከ10,000 ብር በላይ ከሆነ የዕቃ ግዥና ከ3,000 ብር በላይ ከሆነ የአገልግሎት ግዥ ላይ ገዥው 2 በመቶ ቀድሞ እንዲይዝ ደንግጎ ነበር። የተያዘው በዓመቱ መጨረሻ ከግብር ስለሚታሰብ ወጪ አይደለም፤ ነገር ግን መሥሪያ ካፒታሉ ውሱን ለሆነ ማኅበር ከእጅ የራቀ ገንዘብ ነው። የጨረታ ማስታወቂያዎች የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢነትን ሲጠይቁም ያልተመዘገቡት ገና ከበሩ ይቀራሉ።

ዴስኩ ከደረሰ በኋላ ኮሚቴ ጥራቱን ያያል፤ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይረከባል፤ ሰነዱ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር ወደ ፋይናንስ ይሄዳል። ግዥው በሰኔ የበጀት መዝጊያ ጥድፊያ ከተፈጸመ ወይም የብዙ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ በአንድ ፑል (በጋራ የፋይናንስ ክፍል) የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወረፋው ይረዝማል። ሞዴል 19 ይዞ በየሳምንቱ ወደ ፋይናንስ የሚመላለስ የማኅበር ሰብሳቢ በዚያ ቀን ማሽን ላይ የለም፤ የመመላለሻው ጊዜም በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይሰፍርም።

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ

የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተካሂዶ በዚያው ዓመት ሰኔ ክልሉ በይፋ ተመሠረተ። ሀዋሳ የሲዳማ መዲና ስትሆን የቀድሞው ደቡብ ክልል ቢሮዎችም ለጥቂት ዓመታት በከተማዋ ቆይተዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲመሠረቱ ቢሮዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ማዕከላት ሄዱ። ለእነርሱ ዕቃ ያቀርቡ የነበሩ የሀዋሳ ማኅበራት ደንበኞቻቸው የራቁባቸው ሲሆን፣ አዲሶቹ የሲዳማ ቢሮዎች ክፍተቱን በከፊል ሞልተዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብረት፣ ቀለምና ኤሌክትሮድ ከውጭ የሚመጡ ወይም በውጭ ጥሬ ዕቃ የሚመረቱ በመሆናቸው፣ ከዚያ ቀን በፊት ዋጋ ያስገቡ አቅራቢዎች በውሉ መሠረት ቢያቀርቡ ይከስሩ ነበር፤ ባያቀርቡ ደግሞ ከቀጣይ ግዥ የመታገድ ሥጋት ነበረባቸው። የዋጋ ማስተካከያ በተለምዶ የሚሠራው ለረጅም ጊዜ ውሎች በመሆኑ የሁለትና የሦስት ወር ውል ያላቸው ትንንሾቹ አምራቾች ከጥበቃው ውጭ ቀርተዋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አቋም የአጭር ጊዜ ውሎችም ቢያንስ ለዋና ጥሬ ዕቃዎች የማስተካከያ አንቀጽ ሊኖራቸው ይገባል የሚል ነው።

በፌዴራል ተቋማት በኩል ሁለት ለውጦች መጥተዋል። የጋራ መገልገያ ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት (ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት በሚፈረም የአቅርቦት ውል) ከአዲስ አበባ በጅምላ መገዛታቸው ለመንግሥት ዋጋ ቢቀንስም፣ ለዩኒቨርሲቲው የጽሕፈት መሣሪያ ለማቅረብ ለሚፈልግ የከተማዋ ነጋዴ በሩን አጥብቦታል። የኤሌክትሮኒክ ግዥው ሥርዓት በአንጻሩ የጨረታ ሰነድ ፍለጋ የሚደረገውን ጉዞ አስቀርቷል፤ ኮምፒውተር የሌላቸው ማኅበራት ሰነዳቸውን በኢንተርኔት ቤት ያስጭናሉ፤ በመጨረሻው ቀን ኔትወርክ ከጠፋ ግን የቀረበው ዋጋ የቱንም ያህል ተገቢ ቢሆን አይከፈትም።