የአየር ንብረት ሞዴል ምንድን ነው?

የአየር ንብረት ሞዴል በኮምፒውተር የሚሠራ የፊዚክስ ስሌት ነው። ከባቢ አየሩንና ውቅያኖሱን በሳጥን በሳጥን ይከፋፍልና ሙቀት፣ ግፊት፣ ነፋስና እርጥበት ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፉ ያሰላል። ከዚያ ጊዜውን ግማሽ ሰዓት ያህል ገፍቶ ስሌቱን ከአዲስ ይጀምራል፤ መቶ ዓመት እስኪሞላ ድረስ። በየትኛው ቀን እንደሚዘንብ አይናገርም፤ የሚነግረን የብዙ ዓመታትን አማካይና የለውጡን አቅጣጫ ነው።

ሐሳቡ ኮምፒውተርን ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የ6 ሰዓት ትንበያ በእጁ አስልቶ በ1922 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ግፊቱ በ145 ሄክቶፓስካል ይለወጣል የሚል ውጤት ወጣለት፤ በእውነቱ ግን እምብዛም አልተለወጠም። ቀመሮቹ ትክክል ነበሩ፤ ስሌቱን ያበላሸው የመነሻ መረጃው አለመጣጣም ነው። በ1950 ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር የ24 ሰዓት ትንበያ ለማስላት ራሱ 24 ሰዓት ያህል ፈጀበት።

ትልቁ እመርታ የመጣው በ1967 ነው። የአየር ንብረት ተመራማሪዎቹ ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ምድርን በሙሉ ትተው አንድ ቀጥ ያለ የአየር ዓምድ ብቻ አሰሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር የምድር ገጽ 2.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል፣ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ግን ይቀዘቅዛል አሉ። ይህ የመቀዝቀዙ ነገር ሊተኮርበት ይገባል፤ ሙቀቱን ያመጣችው ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ስትራቶስፌሩም አብሮ በሞቀ ነበር። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች መቀዝቀዙን አረጋግጠዋል። ማናቤ በ2021 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚ ከሆኑት አንዱ ነው።

ዋናው ችግር የሳጥኑ ስፋት ነው። በብዙዎቹ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች የአንዱ ሳጥን ጎን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎኑን በግማሽ ብናሳጥረው የሳጥኑ ቁጥር 4 እጥፍ ይሆናል፤ ስሌቱ እንዳይፈርስ የጊዜው እርምጃም በግማሽ ማጠር ስላለበት ሥራው 8 እጥፍ ይደርሳል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የዝናብ ደመና ከሳጥኑ ስለሚያንስ በግምታዊ ቀመር ይተካል፤ ሞዴሎቹ እርስ በርስ በይበልጥ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ ይህ ከባድ ነገር ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በታች ካለው ዳሎል የሚርቀው ሁለት ወይም ሦስት ሳጥን ቢሆን ነው። ገደሉ በአማካይ ተስተካክሎ ለስላሳ ዳገት ይሆናል፤ ተራራውን ታክኮ ሲወጣ የሚያዘንበው አየርም ቦታውን ይስታል። ስለዚህ ስለ አንድ ወረዳ ትንበያ ሲቀርብልዎ የሳጥኑን ስፋት ይጠይቁ። ሳጥናቸው 25 ወይም 50 ኪሎ ሜትር የሆነ አካባቢያዊ ሞዴሎች መልክዓ ምድሩን በተሻለ ያሳያሉ፤ ሆኖም በድንበራቸው የሚገባውን አየር የሚቀበሉት ከዓለም አቀፉ ሞዴል ስለሆነ የእርሱ ስህተት አብሮ ይገባል።