አፍ መፍቻ ቋንቋ፦ ብዙዎቻችን የምናምናቸው፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮች

አንዲት አያት ከልጅ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ሲያወሩ አጠገባቸው ነበርኩ። ልጅቷ በፋሻ የተጠቀለለ ጣቷን አሳየቻቸው። አያት «እኔን!» አሉ። ከዚያም ብዙ ተናገሩ። እናት ልጅቷ ወደምትሰማው ቋንቋ ስታስተረጉም ግን «አዝናለሁ» በሚል አንድ ቃል ጨረሰችው። «ያንቺ ሕመም ለእኔ ይሁን» የሚለው ነገር ልጅቷ ጋ አልደረሰም።

እናትየዋ ቋንቋዋን ንቃ አይደለም። ልጄ ግራ ትጋባብኛለች ብላ ፈርታ ነው። ከዚሁ ፍርሃት ልጀምር።

«ሁለት ቋንቋ ልጅን ግራ ያጋባል»

አያጋባም። ሕፃናት ገና ሲወለዱ ጀምሮ ዜማቸው የተለያየ ቋንቋዎችን በጆሯቸው ይለያሉ። ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ሲደባልቅ ሰምተን እንደነግጣለን። የጎደለውን ቃል ከሌላኛው እየተዋሰ ነው እንጂ አልተምታታበትም። እኛ ትልልቆቹስ ስናወራ እንቀላቅል የለ? በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቃቸው ቃላት ለየብቻ ሲቆጠሩ ያነሱ ሊመስሉ ይችላሉ። ሁለቱን ደምረን ስንቆጥር ግን ከእኩዮቹ አያንስም።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ «ቤት ውስጥም የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ብቻ አውሩለት» የሚለው ምክር ነው። ወላጅ በማይመቸው ቋንቋ ሲያወራ ንግግሩ «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ብቻ ይሆናል። ተረቱ ይቀራል። ቁጣውም፣ ቁልምጫውም፣ «ለምን?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው ረጅም መልስም ይቀራል። ልጁ የሚያጣው ይህን ሁሉ ነው።

«በአፍ መፍቻው የተማረ ልጅ ወደ ኋላ ይቀራል»

ፊደል የሚቆጥር ልጅ አስቡ። «ው» አለ፣ «ሻ» አለ፣ ገጠማቸው። «ውሻ!» ብሎ ፊቱ ይበራል፤ ቃሉን ስለሚያውቀው በትክክል ማንበቡን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በማያውቀው ቋንቋ ሲሆን ድምፁን አውጥቶ ይጨርሳል፣ ምን እንዳነበበ ግን አይገባውም። ማንበብንና አዲስ ቋንቋን ባንዴ መልመድ ሁለት ዳገት ባንዴ መውጣት ነው። ማንበብ ደግሞ በአንዱ ቋንቋ ከተለመደ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለተኛውን ቋንቋ አይማር አላልኩም። ይማር፣ በደንብ ይማር። ዩኔስኮ እንደሚለው ግን ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ ያህሉ በሚናገረው ወይም በሚረዳው ቋንቋ የመማር ዕድል የለውም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

«ፊደል የሌለው ቋንቋ ሰዋስው የለውም»

በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ። ሰዋስው የሌለው አንድም የለም። በአማዞን አካባቢ በሚነገረው ቱዩካ «ኳስ ተጫወተ» ለማለት እንኳ ነገሩን በዓይንህ አይተህ፣ ድምፁን ሰምተህ ወይስ ሰው ነግሮህ እንደሆነ ግሱ ላይ ማሳየት ግድ ነው። ወሬውን ከየት እንዳመጣኸው ሳትናገር ማውራት አይቻልም።

«አንድ ቋንቋ ብናወራ ሰላም ይሆናል»

እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ገዳዩም ተገዳዩም ኪንያርዋንዳ ተናጋሪ ነበር። በአንጻሩ ቋንቋ መጫን ራሱ ደም ሲያፋስስ ታይቷል። ፓኪስታን ኡርዱ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ስትል ቤንጋሊ ተናጋሪ ተማሪዎች ያኔ የፓኪስታን ክፍል በነበረችው፣ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው ዳካ ላይ ተቃወሙ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ፖሊስ ተኮሰባቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ቀን ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን እንዲሆን የወሰነው ለዚህ ነው።

«ተቀድቶ ከተቀመጠ ተረፈ ማለት ነው» እና «የሞተ ቋንቋ አይነሳም»

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳኋቸው አንዱ ለሌላው መልስ ስላለው ነው። ኡቢኽ ከ80 በላይ ተነባቢ ድምፆች የነበሩት ቋንቋ ነው። አቀላጥፈው የሚናገሩት የመጨረሻው ሰው ቴቭፊክ ኤሴንች እ.ኤ.አ. በ1992 ቱርክ ውስጥ አረፉ። ከአጥኚዎች ጋር ለዓመታት ሠርተዋል፣ ድምፃቸውም ተቀድቷል። በኡቢኽ አፉን የሚፈታ ሕፃን ግን የለም።

የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ሌላ መንገድ ጀመሩ። «የቋንቋ ጎጆ» ባሉት መዋያ ትልልቅ ሰዎች ትምህርት ቤት ያልደረሱ ልጆችን በማኦሪ ብቻ እያዋሩ መንከባከብ ያዙ። ቋንቋውን ከአያት ወደ ልጅ ያሻገረው ያ ውሎ ነው።

መዝገብ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋምፓኖአግ ከመቶ ዓመት በላይ ተናጋሪ አልነበረውም። የተረፈው ጽሑፍ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1663 የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ደብዳቤዎች፣ የመሬት ውሎች። የዋምፓኖአግ ሕዝብ ተወላጅ የሆነችው ጄሲ ሊትል ዶ ቤርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቋንቋውን ከእነዚህ ወረቀቶች መልሳ ማደራጀት ጀመረች። ተማረችው፣ አስተማረችው፣ ከዚያም ቤቷ ውስጥ አወራችው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ በዋምፓኖአግ አፏን የፈታችው የመጀመሪያዋ ልጅ የእሷው ልጅ ናት።