ፖሊሲንግ እና ሼፒንግ፦ ሁለቱም ፍጥነት ይገድባሉ፣ ግን አንድ አይደሉም

ፖሊሲንግና ሼፒንግ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈው ዳታ ፍጥነት የሚገደብባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ከገደቡ በላይ የመጣው ፓኬት (ዳታ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ፖሊሲንግ አያቆይም። ትርፉን ወዲያው ይጥለዋል፣ ወይም የቅድሚያ ደረጃውን ዝቅ አድርጎ ያሳልፈዋል። ሼፒንግ ግን ወረፋ ያስይዘውና ተራው ሲደርስ ይልከዋል። ወረፋው ከሞላ እሱም ይጥላል። ሼፒንግ በአብዛኛው በፖርቱ (ገመዱ በሚሰካበት የመሣሪያው በር) መውጫ በኩል ብቻ ነው፤ ፖሊሲንግ በመግቢያም ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በርስት ሳይዝ የሚባለው ቁጥር ላይ ነው። ፖሊሲንግን እንደ ባልዲ አስቡት። ባልዲው በፈቀዳችሁት ፍጥነት በቶከን (የማለፊያ ፈቃድ) ይሞላል፤ የሚያልፍ ፓኬት ሁሉ በመጠኑ ልክ ቶከን ከባልዲው ይወስዳል፤ በቂ ቶከን ከሌለ ፓኬቱ ከገደቡ በላይ ነው። በርስት ሳይዝ የባልዲው ትልቀት ነው። ባልዲው ትንሽ ከሆነ ፓኬት ቶሎ ቶሎ ይጣላል። ቲሲፒ (አብዛኛው የኢንተርኔት ዳታ የሚላክበት ደንብ) ደግሞ ፓኬት በጠፋበት ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ፈቅዳችሁ ከዚያ በጣም ያነሰ ልታዩ ትችላላችሁ። መስመሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ቁጥር እዩት። በሰከንድ ለ100 ሜጋቢት፣ የ10 ሚሊሰከንድ ዳታ የሚይዝ ባልዲ 125,000 ባይት ነው።

አገልግሎት ሰጪው በእሱ በኩል ፖሊሲንግ ካደረገ፣ እናንተ ከገደቡ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ሼፒንግ አድርጉ። የድምፅ ጥሪን ግን ረጅም ወረፋ ውስጥ አትክተቱት፤ ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ ከጠፋ አይሻልም።